የአሥር ቀን እንግዳና ሌሎች የሰሞኑ ንባቦቼ

በርተንን አልወደድኩትም። ከዚሁ ልጀምርና ይውጣልኝ።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ነው። በዚያን ጊዜ ከተማዋን የሚገዙት አሚር አሕመድ ነበሩ። ሰውዬው በግንብ በታጠረችው ጀጎል ውስጥ የቆየው አሥር ቀን ነው። ከዚያ ወጣና በዓመቱ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። አሥር ቀን! እኔ ዘመድ ቤት አሥር ቀን ሰንብቼ የጎረቤቱን ስም እንኳ በቅጡ አልይዝም። እሱ ግን የከተማዋን ታሪክ፣ ንግዱን፣ ሃይማኖቱን፣ የሴቶቹን ድምፅ፣ የወንዶቹን መልክ ሳይቀር ጽፎታል። ከወንዶቹ አንድም መልከ መልካም አላየሁም ባይ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር በወጣሁ ቁጥር ይቺ ነገር ትዝ ትለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ከጀጎል በሮች አንዱ፣ አስማዲን በሪ ጋ ቆሞ የሚያልፈውን ጎረምሳ ሁሉ እያየ እንዲህ የሚል ሰው፣ ያን ቀን ቁርሱን አልበላም ማለት ነው።

መጽሐፉ ይሰለቻል ግን አልልም። በስልኬ ፒዲኤፍ ነው ያነበብኩት፣ ያውም የድሬ ሙቀት ስልኩን እንደ ምጣድ እያጋለው። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ፣ የዓረብ ነጋዴ መስሎ፣ ግመሎች አስከትሎ የሚያደርገው ጉዞ ልብ ይሰቅላል። ሐረር አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ሐሳቡን ይቀይርና እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ በግልጽ ይገባል። ወኔው አይካድም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አስቀምጧል። ይህን የሠራ ሰው ሰነፍ አይባልም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቋንቋውን ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል፣ የሚናገረውን ሰው ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ፍርሃት ይመስለኛል። ሐረር በነበረባቸው ቀናት ሁሉ ሐሳቡ በሰላም እወጣ ይሆን ወይ የሚል ነው። ልቡ በር በሩን እያየ ስለ ባለቤቶቹ ሊጽፍ ተቀመጠ። የሚገርመው፣ ሐረር ምንም ሳትነካው ሸኘችው። የተወጋው በዚያው ዓመት ሚያዝያ በርበራ ላይ ነው፣ ጦር በአንድ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጣ። ጠባሳው በኋላ ፎቶዎቹ ላይ ይታያል። መጽሐፉን ሲያዘጋጅ ጉንጩ ገና ያመው ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ትንሽ አዘንኩለት። ትንሽ።

ቀጥዬ የአርተር ራምቦን ደብዳቤዎች አነበብኩ፣ እነሱንም በእንግሊዝኛ ትርጉም። ስለ ራምቦ ሐረር ውስጥ የማይሰማ የለም። ፈረንሳይን ጉድ ያሰኘ ባለቅኔ ነበር። ሃያዎቹን ሲጀምር ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ተወና ዓለምን ሲዞር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ላይ ሐረር ደረሰ። የመጣው ዔደን ላለ የፈረንሳዮች የንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ነው። ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ። እየወጣ እየገባ እስከ 1891 ዘለቀ።

እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነው። ባለቅኔው ጀጎል ገብቶ፣ አመሻሽ ላይ አዛን ሰምቶ፣ የሆነች የምታምር ነገር ይልልኛል ብዬ ነበር። ምንም የለም! ለእናቱና ለእህቱ የሚጽፈው ሰለቸኝ፣ ገንዘቤ የት ገባ፣ ጤናዬ እንዲህ ሆነ፣ ይህን ዕቃ ላኩልኝ ነው። መጽሐፍ ያዛል፣ ግን የግጥም እንዳይመስላችሁ። የአናጢነት፣ የብረት ሥራ፣ የውኃ ሥራ መመሪያ ነው የሚፈልገው። ካሜራም አስመጥቶ በ1883 ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አነሳ። አንዱ ፎቶ ላይ ቡና ዛፎች መሀል ቆሟል። የዚያን ሰው ፊት ላየ፣ በሕይወቱ ግጥም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም።

የመጽሐፍ ወዳጄ «ምኑን ወደድክለት? ሲያለቃቅስ ነው የኖረው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያለቃቅሳል። ግን ለእኛ ብሎ አልጻፈማ! በርተን ለንደን ላለ አንባቢ እየጻፈ ሐረርን አስፈሪ ማድረግ ነበረበት፣ አለዚያ የሱ ጀግንነት ምኑ ላይ ነው? ራምቦ ግን የሚያስደንቀው ሰው የለም። እናቱን በሐረር ሊያስደንቃት አይፈልግም። ስለዚህ ሳያስበው እውነት ያመልጠዋል። ሸቀጡ፣ ኪሳራው፣ የሚዘገይ ቅፍለት፣ ክፍያ የሚያጓትት ደንበኛ። ይህንን ኑሮ አውቀዋለሁ። የድሬ ነጋዴ ዛሬም እንዲህ ነው የሚያወራው። በቡና ንግድ ውስጥ ያለ የአጎቴ ልጅ ጥቂት መስመር ባነብለት «ይሄማ የኛ ሰው ነው» ብሎ ሳቀ። ዶላሩ ብቻ ነው የጎደለው አለ።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ግን ሳልስቅ ነው ያነበብኩት። ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቃተው። በሚያዝያ 1891 በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወደ ዘይላ ወረደ። በመንገዱ የያዛት ማስታወሻ አለች። የቦታ ስም፣ የተነሱበት ሰዓት፣ ያረፉበት ሰዓት። ዝናብ። ድንኳኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ዝናብ ላይ ማደር። አመመኝ እንኳ ብዙ አይልም። ገልደሳን ያልፋሉ፣ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ድሬዳዋ ያኔ የለችም፣ ባቡሩ መጥቶ እስኪቆረቁራት አሥራ አንድ ዓመት ይቀራታል። ማርሴይ ላይ እግሩን ቆረጡት፣ በኅዳር ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። ያን ሁሉ ግጥም ጽፎ፣ እኔን የያዘኝ የጽሑፍ ሥራው ይቺ የሰዓት ዝርዝር ሆነች።

ካነበብኩ በኋላ ራምቦ ቤት ሄድኩ፣ መኪና ግርግርን አቋርጬ። ልብስ ሰፊዎቹ እንደ ልማዳቸው መንገዱ ዳር ተደርድረው የልብስ ስፌት መኪናቸውን ያንጋጋሉ። አንዱ ሱሪ እያሳጠረ፣ ባለቤቱ ጋቢ ለብሶ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቤቱ ያምራል፣ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው፣ የመስኮቱ ባለቀለም መስታወት ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ይጥላል። ራምቦ ራሱ ግን አልኖረበትም፣ ከሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል። ለእኔ ግድ አልሰጠኝም። ሰውዬው እንደሆነ ስለ ኖረበትም ቤት ደህና ነገር አልጻፈ።

በመሀል አንድ የትርጉም አነቃቂ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ሥራ ቦታ እየተዟዟረ ነው፣ እኔም ጋ ደረሰ። ስሙን አልጠራም። ስኬታማ ሰው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል ይላል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት አሥራ አንድ ሰዓት ያልተነሳ ማን አለ? ሙቀቱ ይቀሰቅሰናል እኮ! ስኬቱ ታዲያ የታል?

ከዚያ አፌን ላጣፍጥ ብዬ ፍቅር እስከ መቃብርን እንደገና አወጣሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ከ1958 ጀምሮ ያላነበበ፣ ካላነበበም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ታሪኩን አልደግምም። የምለው አንድ ነገር ነው። በልጅነቴ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ እስኪገናኙ ገጹን እየዘለልኩ ነበር የማነበው። አሁን ሲገናኙ ነው የምዘለው። አትፍረዱብኝ። ፍቅራቸው ያምራል፣ ግን በጣም ያምራል፣ እንከን የለውም። እኔ አሁን የምቆመው መጀመሪያው ላይ፣ ማንኩሳ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ጋ ነው። ባል አይበረክትላትም ተብላ የተፈራች ሴት፣ ይህን ሁሉ እያወቀ የሚያገባት ሰው። ሁለቱም ወጣት አይደሉም። ሁለቱም ብዙ አያወሩም። ልጅ ሲወልዱ እንዳይሞትባቸው ይሳላሉ፣ የበዛብህ ዕጣም ያኔውኑ ተቆረጠ። ደራሲው እነዚህን ሁለት ሰዎች አሳልፎ ወደ ባላባቶቹ ቤት ሲሄድ ቅር ይለኛል።

ፊታውራሪ መሸሻንም በሌላ ዓይን አየኋቸው። ሐዲስ ይስቅባቸዋል፣ እስኪበቃቸው ይስቅባቸዋል። ገበሬው ሲያምጽባቸውና ሲማርካቸውማ ጉድ ነው። ግን አይንቃቸውም። ዘራቸውን ሲቆጥሩ፣ ክብራቸው ተነካ ብለው ሲንጨረጨሩ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ከውስጥ ያውቀዋል። በዚያ አገር ተወልዶ፣ በዚያ አገር የቄስ ትምህርት የተማረ ሰው ነዋ። በርተን ከሐረር ሰዎች አንዱን እንኳ እንዲህ አድርጎ ቢጽፍልኝ ስለ ወንዶቹ መልክ ያለውን ይቅር ባልኩት።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የጉዱ ካሳ አድናቂዎች አትቆጡ። ያልተናገረው እውነት የለም፣ እሺ፤ ግን ይበዛል። አንዳንዱ ንግግሩ ላይ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ያው እዚያው ነው። ደራሲው የራሱን ሐሳብ በሰው አፍ ሲያስቀምጥ ይታወቃል፣ ሰውዬው መተንፈስ ያቆማል። ጉዱ ካሳን የምወደው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው።

የመጨረሻው ኦሮማይ ነው። ከጎረቤቴ ተውሼ ነው ያነበብኩት። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ መጽሐፉን በድሮ ጋዜጣ ሸፍኖ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደልኝ። በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማ ከሥራው እንደተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን እያወቁ መጽሐፉን ብቻውን መመዘን ይከብዳል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ «ይቺ ትሆን ያስበላችው?» እያልኩ ነበር። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲገባ፣ ከተማዋ ራሷ ትመጣለች። መንገዱ፣ ቡና ቤቱ፣ ምሽቱ። በዓሉ ዘመቻው ላይ በአካል ነበረ፣ ያስታውቃል። እዚያ የሚወዳት ፊያሜታም አለች። አዲስ አበባ የቀረችውን እጮኛውን ሮማንን ግን ደራሲውም እንደ ጸጋዬ ረሳት መሰለኝ፤ አሳዘነችኝ። ውጊያው ሲበዛ ደግሞ እኔ ደከመኝ። እንዲያም ሆኖ በሁለት ከሰዓት ነው የጨረስኩት፣ ራት እያስታወሱኝ።

ስመልስለት ጎረቤቴ በሩ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ወሪያ፣ ጨረስከው?»

«ጨረስኩት ጋሼ። አንተ ስንቴ አነበብከው?» (አንተ ማለቴን የድሬ ልጅ ይረዳኛል።)

«እኔ አስመራን ፈልጌ አይደለም የማነበው» አለኝ። «ጦርነት ያለበት ከተማ እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ነው። የኛን ማን ጻፈው?»

የኛን የሚለው የ1969ን ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ ሐረርም እስከ ጥር 1970 ድረስ ተከባ ቆየች። የጦሩ ታሪክ ተጽፏል፣ ስንት ታንክ፣ የትኛው ብርጌድ። እሱ የሚለው ሌላ ነው። ያን ሰሞን ዳቦ መጋገሪያው በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ ሰልፍ ነበር አለኝ። እናቱ ለሰልፉ የምትልከው እሱን ነው፣ ወንድሞቹ ዘምተዋል። አንድ ለሊት አውሮፕላን ሲያጓራ ሰልፈኛው በሙሉ መሬት ላይ ተኛ፣ ተራውን ግን ማንም አልለቀቀም። እንደተኛ ነው የተሰለፈው። አንዲት ባልቴት በደረቷ እየተሳበች ልትቀድም ስትል «እናት፣ ኧረ ወረፋ ያዢ!» ብለው ጮሁባት፣ ከዚያ ሁሉም ተኝቶ ሳቀ።

ይህን የመሰለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በስልኬ ልቅዳህ አልኩት፣ እሑድ እሑድ እየመጣሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አሰብ አደረገና መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለኝ።

«በርጫውን ማን ሊያመጣ ነው?»

«እኔ።»

«የአወዳይ ጫት ይሁን» አለኝ። «ጋራ ሙለታን አልፈልግም።»