እኩል የዘለሉ ልጆች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ

ጎንደር ውስጥ የመረብ ኳስ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። ዝላይ የምንለካው በግድግዳ ነበር፤ ጣት ላይ ጠመኔ ቀብቶ፣ ዘልሎ መንካት። ይሄ ከፍታውን ይነግርሃል። መረቡ ሥር ግን ተመቻችቶ ለመነሳት ጊዜ የለም። አርፎ ወዲያው መዝለል ነው።

አሁን የምለካው በሰከንድ 240 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ በሚቀርጽ ስልክ ነው። ስልኩን መሬት ላይ፣ ከጫማው ትይዩ አስደግፈዋለሁ። ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ትወርድና ወዲያው ትዘልላለች። «መሬቱ የጋለ ምጣድ ነው» ስላቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ከዚያ ፍሬም መቁጠር ነው። አየር ላይ የቆየችበትን ሰከንድ በራሱ፣ ቀጥሎም በ1.226 ሳባዛው ከፍታው በሜትር ይመጣል። እሱን መሬት ላይ ለቆየችበት ሰከንድ ሳካፍል አር.ኤስ.አይ የሚባለው፣ አርፎ ቶሎ የመዝለል ብቃትን የሚያሳየው ቁጥር ይወጣል።

ነገሩ የገባኝ በሁለት ልጆች ነው። ሁለቱም አየር ላይ 120 ፍሬም ቆዩ፤ ግማሽ ሰከንድ፣ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በግድግዳው ቢሆን እኩል ናቸው። አንዷ ግን መሬት ላይ የቆየችው 48 ፍሬም፣ ሌላዋ 72 ነው። 0.20 እና 0.30 ሰከንድ። ውጤቱ 1.5 እና 1.0 ሆነ። የሁለተኛዋን ቪዲዮ ቀስ አድርጌ ሳየው ተረከዟ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ ጉልበቷም በጣም ይታጠፋል። ጅማቷ ሲለጠጥ ያጠራቀመው ኃይል በዚያ መሀል ይባክናል። አቅም አላት፤ የጎደላት ፍጥነት ነው። ክብደት ከምጨምርባት ገመድ ዝላይና በቁርጭምጭሚት ብቻ የሚሠሩ አጫጭር ዝላዮችን ሰጠኋት። ቆይታዋ እያጠረ መጣ፤ መረቡ ላይ ዘልላ የተጋጣሚን ኳስ ስትመልስ (ብሎክ) ላይም ታየ።

አየር ላይ ጉልበቱን አጥፎ የሚያርፍ ልጅ ቆይታው ይረዝምና ያልዘለለውን የዘለለ ያስመስለዋል። ያንን ዝላይ እሰርዘዋለሁ። ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ሁልጊዜ እዚያው ሲሚንቶ ላይ፣ በዚያው ጫማ እንለካለን። ታክሲ አጥቶ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ልጅ መጀመሪያ ይረፍ። ጉልበቱን የሚያመው ደግሞ ጭራሽ አይለካም።

መሬት ላይ ቆይታው ከ0.25 ሰከንድ ካለፈ ሣጥኑን ዝቅ አደርጋለሁ። ልጆቹ «ኮች፣ ከትልቁ ልውረድ» ማለት ይወዳሉ። ፍሬሙን አብረን እንቆጥራለን፤ ቆይታቸው ካጠረ ወደ ትልቁ ሣጥን ይወጣሉ።