ፀሐይ በ12 አጻጻፍ፦ አንድን የሜሞሪ ሊክ እንዴት እንዳገኘሁት

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት፣ በኢንተርኔት ዕቃ በሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ እኔ የምከታተለው የፍለጋ ሰርቨር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እየጠበቀ ይወድቅ ጀመር። የፕሮግራሙ የራሱ መዝገብ ምንም ስሕተት አያሳይም፤ ጥያቄ ሲያስተናግድ የነበረ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ የፕሮግራሙ ቅጂ) በድንገት ይጠፋና ሌላ ይተካል። ፍንጩ የተገኘው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ማሽኑን በሚያስተዳድረው የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ መዝገብ ውስጥ ነበር። የማሽኑ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ በአብዛኛው ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ በሲግናል 9፣ ማለትም ወዲያው በሚያስቆም ትእዛዝ፣ ይገድለዋል፤ ይህን ሲግናል ፕሮግራሙ ሊይዘውም ሆነ ሊከለክለው ስለማይችል ሟቹ የመጨረሻ ቃሉን ለመጻፍ እንኳ ፋታ አያገኝም።

የማያስፈልግ ሜሞሪ ሳይለቀቅ የሚጠራቀምበትን ይህን ችግር የሙያው ሰዎች የሜሞሪ ሊክ (ፍሳሽ) እንለዋለን። ስሙን ወድጄው አላውቅም፤ የሚያፈስ እንስራ ይጎድላል እንጂ አይሞላም። የእኛ ሰርቨር የሚመስለው ማንም የማይበላው እህል በየቀኑ የሚገባበትን ጎተራ ነው። እንደ ሲ ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተጠየቀ ሜሞሪ ሳይመለስ አድራሻው ሲጠፋ በእርግጥ ፈሰሰ ማለት ይቻላል። ሰርቨራችን የተጻፈበት ፓይተን ግን ማንም የማይጠቁመውን ኦብጀክት (በሜሞሪ የተቀመጠ ዳታ) ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ ስለሚያጸዳ፣ በንጹሕ የፓይተን ኮድ ውስጥ ሜሞሪ የሚጠራቀመው አንድ የተረሳ የፕሮግራሙ ክፍል አሁንም ስለያዘው ነው። «ማን ይዞታል?» ብዬ መነሣት ሲገባኝ «የት ፈሰሰ?» እያልሁ ሁለት ቀን አባከንሁ።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የዕቃዎቹን ፎቶግራፍ የሚያሳንሰውን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ነበር። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት በሲ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ግን እኔ ያልጻፍሁት መሆኑ ይመስለኛል። ቫልግሪንድ የተባለው መመርመሪያ ፕሮግራምን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ስለሚያዘገይ በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሞከር አይደለም፤ በሙከራ ማሽን ላይ አንድ ቀን ሙሉ አስኬድሁት፣ ምንም አላገኘም። ላይብረሪው ንጹሕ ነበር።

ይበልጥ ያስገረመኝ ኮዱ ለወራት ሳይለወጥ ችግሩ አሁን ብቻ መታየቱ ነበር። መልሱ በኮዱ ውስጥ ሳይሆን በማስጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ተገኘ። ሰርቨሩን የምናስኬደው የፓይተን ፕሮግራምን በብዙ ፕሮሰሶች በሚያስኬደው በጉኒኮርን ሲሆን፣ ጉኒኮርን እያንዳንዱ ፕሮሰስ የተወሰነ ቁጥር ያለው ጥያቄ ካስተናገደ በኋላ በአዲስ እንዲተካ የሚያዝዝ አማራጭ አለው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ይህን አማራጭ አስገብቶት ኖሮ፣ ወደ አዲስ ማሽን ስንዛወር እኔ ጥቅሙ አልገባኝምና አወጣሁት። ትኩሳቱን ሲያበርድ የኖረውን ኪኒን ነበር ያቋረጥሁት፤ በሽታው ቀድሞም ነበረ።

ከዚያ በኋላ ግምቴን ትቼ መለካት ጀመርሁ። ትሬስማሎክ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ የሜሞሪ ቁራጭ በየትኛው ፋይልና በየትኛው መስመር ላይ እንደተጠየቀ ይመዘግባል፣ የሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ስናፕሾትም (የዚያን ቅጽበት የሜሞሪ ምስል) አነጻጽሮ ልዩነቱን ያሳያል። ራሱም ሜሞሪና ጊዜ ስለሚበላ ከ4 ፕሮሰሶች በአንዱ ላይ ብቻ አበራሁት። የመጀመሪያውን ስናፕሾት ያነሣሁት ፕሮሰሱ ገና እንደተነሣ ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው። ሰርቨር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሞጁሎችን ይጭናል፣ ከዳታቤዝ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፤ ይህ ሁሉ ጤናማ ዕድገት ሆኖ ሳለ በዝርዝሩ አናት ላይ ተሰልፎ የምፈልገውን ሸፈነብኝ። በማግስቱ ፕሮሰሱ ለግማሽ ሰዓት እስኪሟሟቅ ከጠበቅሁ በኋላ አንዱን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላውን አንሥቼ ሳነጻጽር ከዕድገቱ አብዛኛው ከአንዲት መስመር የመጣ ሆኖ ተገኘ። መስመሯን የጻፍኋት እኔ ነኝ።

መስመሯ ያለችባት ፈንክሽን (አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ክፍል) ሥራዋ የአማርኛን የፊደል መደራረብ መፍታት ነበር። ደንበኛው ፀሐይ ብሎ ሲፈልግ ሻጩ ጸሀይ ብሎ መዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ የተጻፈውን ቃል በሁሉም አጻጻፎቹ አባዝታ ትመልሳለች። ለመጀመሪያው ፊደል ፀ እና ጸ፣ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ስላሉ ፀሐይ ብቻውን 12 መልክ ያገኛል። «የፀሐይ ኃይል መብራት» የሚለው የተለመደ ፍለጋ ደግሞ የኃይልን ስድስት መልክ ጨምሮ 72 ይሆናል። በምንጠቀምበት ፓይተን 3.10 ይህን የሚያህል አንድ የግዕዝ ጽሑፍ 100 ባይት ስለሚይዝ፣ ያ አንድ ፍለጋ ብቻ ወደ 7 ኪሎባይት ይጠጋል። ይህም ባልጎዳ ነበር፤ ነገር ግን ለፍጥነት ብዬ ውጤቷ እንዲታወስ ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ካሽ የተባለ ማስጌጫ (በፈንክሽን ላይ ተለጥፎ አሠራሯን የሚለውጥ ምልክት) ከላይዋ ላይ ለጥፌባት ነበር። በፓይተን 3.9 የመጣው ይህ አጭር ስም ወሰን የለውም። ታላቅ ወንድሙ ኤልአርዩ ካሽ ምንም ካልተነገረው 128 ውጤት ብቻ ይይዛል፤ ካሽ ግን የገባውን ሁሉ ፕሮሰሱ እስኪሞት ድረስ ያኖራል። ስንት ውጤት እንደያዘ የሚናገር ፈንክሽን አብሮት አለ፤ መጀመሪያ ብጠራው ኖሮ ቫልግሪንድን ባላስቸገርሁ።

ሰርቨሩን ብዙ ጥያቄ በመላክ የምንፈትንበት የጭነት ሙከራችን ችግሩን ለምን እንዳልያዘው ስተክዝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የሙከራውን ቃላት ማን መረጠልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔው ነበርሁ የመረጥኋቸው፤ 200 ቃላት ደጋግሜ ስለላክሁ ካሹ 200 ላይ ቆመ። እውነተኛ ሰው ግን እንዲህ አይፈልግም። የፍለጋ ሣጥኑ በእያንዳንዱ የቁልፍ ምት ጥያቄ ይልካል፣ በድምፅ በሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ ሸሚዝ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሽ፣ ሸ፣ ሸም፣ ሸሚ፣ ሸሚዝ እያለ ያልፋል። ባለ ሦስት ፊደሉ ቃል አምስት መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከነዚህም ግማሽ ቃሎቹን ሆን ብሎ የሚፈልጋቸው የለም።

ማስተካከያው ካሹን በወሰን ማጠር ሊሆን ይችል ነበር፤ እኔ ግን ማባዛቱን ራሱን አስወገድሁ። አሁን የዕቃው ስምም ሆነ የፍለጋው ቃል በአንድ የፊደል ሰንጠረዥ አልፎ ወደ አንድ አጻጻፍ ይመለሳል፣ ተነጻጻሪውም ያ ነው። ስለካው ካሽ የሚያስፈልገው ሥራ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። ምርመራዬን ለማረጋገጥ ብዬ በሩጫ ላይ ያለውን ፕሮሰስ ካሽ ባዶ ሳደርገው፣ ከርነሉ የሚያሳየው የሜሞሪ መጠን እምብዛም አልወረደም። ሌላ ሊክ አለ ብዬ አንድ ከሰዓት አደንሁ። ነገሩ ሌላ ነው፦ ፓይተን እስከ 512 ባይት የሆኑ ትንንሽ ኦብጀክቶችን በ1 ሜጋባይት ብሎክ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ሕያው ኦብጀክት እንኳ ከቀረ ብሎኩ ለከርነሉ አይመለስም፣ ፕሮግራሙ ግን ባዶውን ቦታ ለራሱ ይጠቀምበታል። ስለዚህ አሁን የማየው በግራፉ ላይ ያለውን የሜሞሪ መስመር ከፍታ ሳይሆን ከተሟሟቀ በኋላ ሽቅብ መውጣቱን ማቆሙን ነው። ከማስተካከያው በኋላ መስመሩ አንድ ሰዓት ያህል ወጥቶ ተኛ።

የጉኒኮርኑን አማራጭ መልሼ አስገብቼዋለሁ፤ የበዓል ዋዜማ ላይ ከመሞት በየተራ መታደስ ይሻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሊተካ ሲል የያዘውን ሜሞሪ ጽፎ እንዲሄድ አድርጌያለሁ፣ ቁጥሩም በየሰኞ ጠዋት ይደርሰኛል። የጭነት ሙከራው ቃላትም ከእንግዲህ በእኔ አይመረጡም፤ የፍለጋውን መዝገብ ከነግማሽ ቃሎቹ እንዳለ እንመልስበታለን።