ሥላሴ የሰጡኝ ቤት

ሥላሴ ያደረጉልኝን ልናገር።

በመኪና አደጋ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን ሥራ ተመደብኩና ከታናሽ እህቴ ጋር ሄድን። ሥራው ተገኘ፣ ቤቱ ግን ጠፋ።

ጠፋ ስል የሚከራይ የለም ማለቴ አይደለም። ደላላው ብዙ አሳይቶናል። አንዱ ግቢ የብረት በሩ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ ዊልቸሩ ከነሰው ካልተነሳ አይገባም። ሌላው ጋ ክፍሏ ታምራለች፣ ሽንት ቤቱ ግን ጓሮ ነው፤ ያውም ቁጢጥ የሚባልበት። ኮንዶሚኒየም ጠየቅን፤ ምድሩ ሱቅ ነው፣ ሊፍት የለም። የተመቸ ሲገኝ ደግሞ አከራዮቹ ዊልቸሩን ሲያዩ "ለዘመድ ተይዟል" ይላሉ። አንድ ባልደረባዬ የዚያን ጊዜውን የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001ን አነበበልኝ። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ ይኑረው ይል ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ሰው ግቢ ውስጥ ላለች የኪራይ ክፍል ግን አይደርስም ነበር።

እስከዚያው የያዝነው ክፍል ሽንት ቤቱ ውጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርን ሌሊት እዚያ ያሳለፈ ብርዱን ያውቀዋል። እህቴን በዚያ ውርጭ ላለመቀስቀስ ከሰዓት በኋላ ውኃ መጠጣት ተውኩ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘኝ፤ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣለኝ። እንደኔ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ይህን ይፈራዋል፤ ችላ ካሉት ኩላሊት ድረስ ይሄዳል።

አለቀስኩ። "አብርሃም ቤት የገባችሁ ሥላሴ፣ ሰፊ ቤት አልጠይቅም። ሰው ሳልቀሰቅስ ሽንት ቤት የምገባበትን ቤት ስጡኝ" ብዬ ተሳልኩ።

ታኅሣሥ 7 ቅዳሴውን ከውጭ ሆኜ ሳስቀድስ፣ ከዘራ የያዙ እናት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ቅዳሴው ሲያልቅ "ልጄ፣ አንቺንም ደረጃው እምቢ አለሽ?" አሉኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ወሬ ጀመርን፤ የቤቱንም ጉዳይ ነገርኳቸው። "ምን ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ" አሉ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ለካ የሚከራይ ቤት አላቸው! ልጃቸው ለጉልበታቸው ብሎ ሽንት ቤቱን ከመኝታ ክፍሉ ጎን አሠርቶላቸዋል። መቀመጫ አለው፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለው፣ በሩም ሰፊ ነው። በኋላ ልጃቸው እሱ ጋ ሲወስዳቸው ቤቱ ተዘግቶ ቀረ። ለእሳቸው ጉልበት የተሠራው ሁሉ ለእኔ ልክ ሆነ። ይህን ማን አዘጋጀው? እኔ አውቃለሁ።

መግቢያው ላይ 15 ሴንቲሜትር የምትሆን ደረጃ ነበረች። ለዊልቸር መወጣጫው ርዝመቱ የከፍታውን 12 እጥፍ መሆን አለበት አልኳቸው። እማማ ግንበኛ ጠርተው፣ 1 ሜትር ከ80 ራሳቸው ቆመው አስለኩና ሲሚንቶ አስፈሰሱ። ለዚህ ብለው ኪራዩ ላይ ሳንቲም አልጨመሩም።

አሁን ማታም ውኃ እንደልቤ እጠጣለሁ። ኢንፌክሽኑ አልተመለሰብኝም። እህቴም ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ታድራለች። ጥር 7 ለዓመቱ ክብረ በዓል ከእማማ ጋር ሄደን ስለቴን አስገባሁ። ሥላሴ ይመስገኑ፤ ለእማማም ዕድሜና ጤና ይስጡልኝ።