ከፍታውን ከመስመሩ ላይ ማንሣት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ የወሰደብኝ የአንድ ግቢ ማዕዘን ነው። ደብረ ሲና ዳገት ላይ የተቀየሰውን ቦታ ፕላን ደብረ ብርሃን ባለው ቢሮዬ አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም እያዘጋጀሁ ሳለ፣ ሁለቱን የድንበር መስመሮች ፊሌት በሚባለው የማዕዘን ማገናኛ ትእዛዝ ላገናኛቸው ብሞክር ፕሮግራሙ በአንድ ወለል ላይ አይደሉም ብሎ እምቢ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ግን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ይታያሉ። እይታውን ከላይ ወደ ጎን ሳዞረው ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ የተለቀሙትን ነጥቦች ይዤ ያሰመርኳቸው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ በእጄ የጨመርኳቸው ደግሞ ዜሮ ላይ ተኝተዋል።

ከማዕዘኑ ይልቅ ያስደነገጠኝ ርዝመቱ ነው። የግቢው አንዱ ጎን በ40 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ 9 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ የመስመሩን መረጃ በሚያሳየው ፕሮፐርቲስ ላይ የተጻፈው ግን 41 ሜትር ነበር፤ ተዳፋቱን ተከትሎ የተለካ ነውና። የይዞታ ፕላን የሚሠራው በአግድም ርቀት ስለሆነ፣ ያንን 41 እንዳለ ገልብጬው ቢሆን ኖሮ ባለ ይዞታው የሌለውን አንድ ሜትር በወረቀት ይዞ፣ ነገ አጥር ሲያጥር ከጎረቤቱ ጋር ይጣላ ነበር።

ቀጥታ መስመሮቹ አላስቸገሩኝም። አንድ መስመር በሁለቱ ጫፎቹ የየራሱ ዜድ (የከፍታ ቁጥር) ስላለው ሁለቱንም ዜሮ ማድረግ ይበቃል፤ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ከኤክስፕረስ ቱልስ ውስጥ ፍላተን የሚባለው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ያወርዳቸዋል። ያስቸገረኝ የመግቢያው መንገድ ኩርባ ነው። የመንገዱን ዳር ከፍታ ባላቸው ነጥቦች ላይ በስፕላይን (ነጥቦቹን ተከትሎ በሚታጠፍ ለስላሳ መስመር) አሰምሬው ስለነበር፣ ፍላተን ሳደርገው ወደ ፖሊላይን ተለወጠብኝ፤ ጠጋ ብዬ ሳየው በአጫጭር ስብርባሪ መስመሮች የተቀጣጠለ ሆኖ አገኘሁት። ለዓይን ኩርባ ይመስላል፤ ራዲየስ ግን የለውም። መስክ ወጥቶ ችካል የሚተክለው ሰው ደግሞ የሚጠይቀኝ ራዲየሱንና መሐል ነጥቡን ነው። ስለዚህ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ አስቀርቼ፣ በ25 ሜትር ራዲየስ እውነተኛ አርክ (የክብ ቁራጭ) እንደ አዲስ ሣልኩና ከተለቀሙት ነጥቦች ጋር አስተያየሁት። አርክም ቢሆን አዘንብሎ የተሣለ ከሆነ ከላይ ሲታይ ሞላላ ስለሚሆን፣ ከመደልደሉ በፊት በምን ወለል ላይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ኮንቱሮቹን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያያይዙትን መስመሮች) ከመንካቴ በፊት ቦታውን ለቀየሱት አንጋፋ ባልደረባችን ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ሁሉንም ወደ ዜሮ ላውርደው?» አልኳቸው። «ቅጂ ሳታስቀምጥ እንዳትነካው፣ ልጄ። ያንን ከፍታ እኮ ዳገቱን ወጥተን ወርደን ነው ያመጣነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የጎርፍ መውረጃውም የድጋፍ ግንቡም የሚነደፈው በከፍታው ነው። ዜድ አንዴ ዜሮ ሆኖ ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ ከመስመሩ ውስጥ መልሶ የሚያወጣው የለም።

ስለዚህ ነጥቦቹንና ኮንቱሮቹን የያዘውን ፋይል እንዳለ ለብቻው አስቀመጥኩት፤ የድንበሩን ፕላን ግን ቅጂው ላይ ደለደልኩት። ከእንግዲህ በስናፕ (ጠቋሚውን ነጥብ ላይ በሚያጣብቀው) ነጥብ ስይዝ የነጥቡን ከፍታ ተከትሎ እንዳይሄድብኝም ኦስናፕዜድ የሚባለውን ቅንብር 1 አደረግሁት። ከዚያ ወደዚያው ማዕዘን ተመልሼ ፊሌት አልኩ፤ ገጠመ። የጎኑም ርዝመት 40 አለ።