የኩሬያችን ዓሦች ሲያሳክካቸው

መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። ከቡና በኋላ ኩሬው ዳር ተቀምጣ፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ዓሦች እኮ ያሳክካቸዋል፤ ድንጋዩን እየታከኩ ነው» አለችኝ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ኩሬውን አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ያስቆፈረው አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። ኮይና ጎልድ ፊሽ የሚባሉት የጌጥ ዓሦች ተደምረው 11 ነበሩ። እናቴ ይህን ከማስተዋሏ ከሦስት ሳምንት በፊት 3 አዳዲስ ኮዮች ገዝቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ለብቻ ሳላቆያቸው ከነባሮቹ ጋር ቀላቅያለሁ። በሽታውን ያስገባሁት እኔው ነኝ ማለት ነው።

ጨው ያድናል ሲባል ስለሰማሁ ለ1,000 ሊትር 3 ኪሎ ሂሳብ ጨመርኩ። ጨው በዚህ መጠን አንዳንድ ጥቃቅን ጥገኛ ተውሳኮችን ይገድላል፤ የእኛን ግን አልነካም። አሥር ቀን በከንቱ አለፈ። ከዚያ ውሃው ይሆናል ችግሩ ብዬ ግማሹን ደፍቼ በቀጥታ ከቧንቧ ሞላሁ። ማታ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ንጋት ላይ አባቴ እጁ ላይ ያበላት የነበረችው ትልቋ ቀይ ኮይ ሞታ አገኘኋት። ለእኛ ጀርም የሚገድልልን ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል፤ ስንጥባቸው ደግሞ አስቀድሞ ቆስሎ ኖሯል። ያን ቀን ያለቀስኩትን አልደብቅም።

የመጣልን የእንስሳት ሐኪም ቢሾፍቱ የተማረ ነው፤ አብዛኛው ሥራው ላምና ውሻ ነው። የሞተችውን ሳሳየው፣ «ይቺ አትጠቅመኝም፤ ጥገኛው ከሞተ ዓሣ ላይ ቶሎ ይለቃል። በሕይወት ያለ ያዝልኝ» አለ። ከክንፉ ሥር ልጋጉን በስስ መስታወት ፋቅ አደረገና ከኩሬው ውሃ ጠብታ ጨምሮ ማይክሮስኮፑ ላይ አኖረው። ለስንጥቡ ናሙና ደግሞ ዓሣውን በቅርንፉድ ዘይት አደነዘዘው። «ና እይ» አለኝ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ትሎች እየተለጠጡና እየተኮማተሩ ይንቀሳቀሳሉ። በቆዳው ላይ ያለው ጋይሮዳክቲለስ ሆዱ ውስጥ ልጁን ይዟል፤ የሚወልድ ነው። በስንጥቡ ላይ ያለው ዳክቲሎጋይረስ ግን አራት የዓይን ነጠብጣብ አለው፤ እንቁላል ይጥላል። ሕክምናውን የወሰነው ይህ ልዩነት ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ እኛ አገር ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ማለት ነው። ከመመዘኑ በፊት ሐኪሙ ኩሬው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠየቀኝ። «6,000 ይሆናል» አልኩ። በሜትር ለካነው፦ ርዝመቱ 3፣ ስፋቱ 1.6፣ ጥልቀቱ 0.8። 3,840 ሊትር! በእኔ ግምት ቢሆን ከግማሽ በላይ ትርፍ መድኃኒት ይገባ ነበር። በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ታስቦ 9.6 ግራም ዱቄት መዘነ፤ በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ባልዲ ውስጥ ደጋግመን በጥብጠን ዙሪያውን አፈሰስነው። መድኃኒቱን እንዳይመጠው ከማጣሪያው ውስጥ ከሰሉን አወጣን።

የአየር ፓምፑ ለደቂቃ እንዳይቆም አጥብቆ ነገረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ አገር ካለው እኩል ሙቀት ያለው ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። እኔና እናቴ እስኪነጋ እየተፈራረቅን ውሃውን በጆግ እየቀዳን ከላይ ስናፈስ አደርን።

በሦስተኛው ቀን መታከካቸው ቀረ። እኔ ተፈወሱ ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ግን መድኃኒቱ እንቁላሉን እንደማይገድል፣ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር መፈልፈያው እንደሚዘገይ አስረዳኝ። ስለዚህ በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደገምን። ከመጨረሻው በኋላ ከሦስት ዓሦች ልጋግና ስንጥብ ናሙና ወሰደ፤ አንድም ትል አልተገኘም።

አሁን የቧንቧ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ሮቶ ውስጥ የአየር ፓምፕ እየሠራበት ሁለት ቀን ሳይቆይ ኩሬው ውስጥ አይገባም። ባለፈው ሳምንት የገዛኋቸው ሁለት ኮዮችም ግቢው ጥግ ባለ በርሜል፣ በራሳቸው መረብና በራሳቸው ባልዲ አሉ። አራት ሳምንት ይቆያሉ፤ ከዚያ ሐኪሙ ልጋጋቸውን ያያል። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት እየሄደች፣ «ምስኪኖች፣ መቼ ነው የምትቀላቅላቸው?» ትለኛለች።