የወንድምጋሼ ሜዳይ፣ ከሸኖ እስከ ቹንቾን

ከሴኡል ቹንቾን በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። መንገዱ ወንዝና ተራራ፣ ወንዝና ተራራ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። የሜዳይ ፎቶ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሜዳዩ ለአያቴ ታላቅ ወንድም የተሰጠ ነው። አያቴ እስከ ዛሬ ወንድምጋሼ ነው የምትለው። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1944 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘመተ። በጥቅምት 1945 ትሪያንግል ሂል በሚባለው ኮረብታ ላይ ወደቀ። ኮረብታው ዛሬ በሰሜን ኮሪያ በኩል ስለሆነ እዚያ መድረስ አይቻልም። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ያለባትን ቹንቾንን የመረጥኩት።

የመጀመሪያው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ፑሳን። ባህር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ሳምንታት በውሃ ላይ ከረሙ። ኮሪያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። ጦርነቱ እስኪቆም ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ይህን ስጽፍ ደረቴ ይነፋል፤ አልደብቅም።

ቹንቾን ላይ ሐውልቱ ከውሃው ዳር ነው ያለው። በ1960 ዓ.ም. ጃንሆይ ራሳቸው መጥተው መርቀውታል። ፊት ለፊቱ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ጣሪያው ሦስት የሾለ ጎጆ ነው። ከሩቅ ሳየው እግሬ ፈጠነ።

ውስጥ፣ መስታወት ስር፣ የእኛ ቤት ሜዳይ ቁጭ ብሏል። ያው ራሱ። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ፣ ቀጫጭን መስመር። ነሐሱ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ። ስልኬን መስታወቱ ላይ አስጠግቼ አስተያየሁት። የእኛው ጠቁሯል፤ ጥብጣቡም ጫፉ ተበልቷል። ጀርባው ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ለኢትዮጵያውያኑ በራሳቸው ቋንቋ ነበር የተቀረጸላቸው። የባለቤቱ ስም ግን የለበትም።

የእኛው ለምን እንደጠቆረ አውቃለሁ። ሜዳዩ ቤት ሲመጣ እናቱ «ልጄን ወስደው ብረት ይሰጡኛል?» ብላ ሳትነካው ቀረች። አያቴ አነሳችው። በደርግ ጊዜ ደግሞ መንግሥት ዘማቾቹ ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነና የኮሪያ ዘማች መሆን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ብዙ ዘማቾች ሜዳያቸውን ደበቁ፤ የቸገራቸው ሸጡት። አያቴ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ እህል ጎተራ ውስጥ ቀበረችው። ለአገሩ ስም የሞተ ልጅ ኒሻን ከጤፍ ስር መደበቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ከየት እንደመጣሁ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። «ኢትዮጵያ» ስል ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ።

ወደ ሴኡል ተመልሼ ዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ሄድኩ። በረንዳው ላይ የሞቱት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስም በየአገሩ ተጽፏል። የኢትዮጵያን ሰሌዳ አገኘሁት። ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለሆኑ አንዳንዱን ድምፅ አውጥቼ ካላነበብኩት አይገባኝም ነበር። የወንድምጋሼ ስም ላይ ስደርስ ጣቴን አሳረፍኩበት። ብረቱ ይቀዘቅዛል።

ወዲያው ለአያቴ ደወልኩ።

«እምዬ፣ አገኘሁት።»

«የአባቱን ስም ጽፈውለታል?»

«ጽፈውለታል።»

ዝም አለች። ያለቀሰች መስሎኝ ላጽናናት ስል «ሌሎቹንስ?» አለችኝ። «ሌሎቹንም አንብብልኝ እንጂ። እነሱም እኮ እናት አላቸው።»

ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ቱሪስቶች በጀርባዬ ያልፋሉ። በየስሙ «ነፍስ ይማር» ትላለች። አንዳንዱን አጣምሜ ስጠራው እሷ ታቃናዋለች። ሰሌዳው መሃል ስደርስ አስቆመችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ነው አብረው የተቀጠሩት። ለአርሴማ ንግሥ ቤታችን መጥቶ ያውቃል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ማለትህ ነው! እህቱ ሸኖ ነበር ያገባችው። እሷ ባትኖር ልጆቿ አይጠፉም። በል ፎቶውን አንሳውና አምጣልኝ፤ ስትመጣ አብረን እንሄዳለን። አሁን ቀጥል፣ ገና አልጨረስክም።»