«የኔዎቹማ አይተኙም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ የዳታ ሠራተኛ ነበርኩ። ቡድኑ ከየሙያው የተሰባሰበ ነው። የእንቅልፍ ሐኪም አለ፣ ሶሲዮሎጂስት አለች፣ የሙዚቃ መምህር አለች፣ የሁላችን አለቃ የሆኑ ፕሮፌሰር አሉ። ቁጥሩን የማበጥረው እኔ ነኝ።

ጥያቄያችን ቀላል ነበር። ጡረታ የወጡ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን እየተገናኙ በኅብረት ቢያዜሙ እንቅልፋቸው ይሻሻላል ወይ? ተሳታፊዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው። ግማሾቹ ሁለት ወር አዜሙ፤ ግማሾቹ እንደወትሮው ኖሩ። ልምምዱ ምሽት ላይ ነበር፤ አዳራሹ ነፃ የሚሆነው ያን ሰዓት ብቻ ስለሆነ። ይቺን ነገር ያዟት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

እንቅልፉን የለካነው በፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ መጠይቅ ነው፤ በእንቅልፍ ምርምር ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። ያኔ እኔ አላውቀውም ነበር። ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል። ስንት ሰዓት ተኙ? እንቅልፍ እስኪወስድዎ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሌሊት ምን ያህል ጊዜ ነቁ? መልሶቹ በሰባት ክፍል ይጠቃለላሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3 ያገኛል፣ ድምሩ ከ0 እስከ 21 ይሆናል። ቅጾቹን የሞሉትም ነጥቡን የደመሩትም ሌሎች ናቸው። እኔ ጋ የደረሰው ኤክሴል ላይ ያለ አንድ ዓምድ ብቻ ነው። የዓምዱ ስም «የእንቅልፍ ጥራት» ይላል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። «ጥራት» የሚል ቁጥር ከፍ ሲል ምን ትላላችሁ? ተሻሻለ ነው የምትሉት። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ስሌቱ ሲወጣ የማነጻጸሪያው ቡድን ባለበት ረግቷል። የዜማው ቡድን ወደ ሁለት ነጥብ ጨምሯል። ግራፉን ስሠራው መስመሩ ሽቅብ ወጣ። አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ለሁሉም በኢሜይል ላክሁ። ፕሮፌሰሩ በሰዓቱ ውስጥ «ግሩም ነው! ለኮንፈረንሱ እናስገባው» ብለው መለሱ። አብስትራክቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ተጻፈ፣ ተላከ፣ በመድረክ እንዲቀርብ ተመረጠ። ፕሮፌሰሩ ፖስተርም ይኑረን ብለው አዘዙ። የኔ ስም ሁለተኛ ላይ ነበር። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ንግግሩን ለመለማመድ ቢሮዬ ተሰበሰብን። ከመጡት መካከል የሙዚቃ መምህሯ አለች። እሷ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ብዙም አትናገርም፤ የቁጥር ወሬ ሲጀመር ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ኖታ ትጽፋለች። ግራፉ ሲወጣ ግን ቀና አለች።

«ይሄ ወደ ላይ የሚወጣው ምንድን ነው?»

«እንቅልፍ ነው።»

«የማን?»

«ያንቺ ሰዎች።»

ሳቀች። «የኔዎቹማ አይተኙም!»

ደብተሯን ገለጠች። ከልምምድ በኋላ ሰዎቹ የሚሏትን ትጽፍ ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። አንዱ «ዜማው ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል» ብሏታል። አንዷ ቤት ስትደርስ ደስታው ስለማይለቃት እኩለ ሌሊት ድረስ ሳህን እንደምታጥብ ነግራታለች። ሌላው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንቅልፍ የለም ብሏል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የልምምድ ቀናት ናቸው።

እኔ ምን አልኩ? አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቀላል። «ያ ወሬ ነው፤ ዳታ አይደለም» አልኳት። እንዲያውም ትንሽ አስተማርኳት። ሰው ሲጠየቅ የሚያስታውሰው መጥፎውን ነው፣ ለዚህ ነው በቁጥር የምንለካው፣ ምናምን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ደብተሯን ዘጋች። «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ወጣች።

የወጣችበት አኳኋን ግን አላስተኛኝም። (እኔም የዜማው ቡድን አባል ሆንኩ ማለት ነው።) በማግስቱ ማንም ሳይገባ ዕቃ ቤት ሄጄ የቅጾቹን ካርቶን አወረድኩ። በእኔ ፋይል ውስጥ ትልቁ ነጥብ 16 ነው። ይሄ ሰው ከሁሉ የተሻለ እንቅልፍ የሚተኛው መሆን አለበት። የመለያ ቁጥሩን ፈልጌ ቅጹን አወጣሁ።

እንቅልፍ እስኪወስደው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በሌሊት በጠቅላላው የሚተኛው አምስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሳምንት ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሊት እየነቃ ያድራል። «የእንቅልፍዎን ጥራት እንዴት ይመዝኑታል?» ለሚለው የሰጠው መልስ «በጣም መጥፎ» ነው። ከጎኑ በእርሳስ 3 ተጽፏል።

ክው ብዬ ቀረሁ።

መለኪያው የሚቆጥረው ችግርን ነው። 0 ማለት ችግር የለም፣ 21 ማለት ከዚህ የባሰ የለም። ከ5 በላይ ያገኘ ሰው በደንብ እንደማይተኛ ይቆጠራል። ስሙ ጥራት ቢልም ቁጥሩ የሚቆጥረው የጥራትን ጉድለት ነው። አረንጓዴ የቀባሁት መስመር ሰዎቹ እንቅልፍ ማጣታቸውን የሚያሳይ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ጋ ደወልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው።»

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ።

«ፖስተሩ ታትሟል?»

«ታትሟል።»

«አብስትራክቱ እነሱ ጋ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከሰዓት በፊት ጻፍላቸው። ስህተቱ የኛ መሆኑን ግልጽ አድርገው። ከመላክህ በፊት እኔ ልየው።»

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

እስካሁን የሚደንቀኝ የኔ ስህተት አይደለም። ጀማሪ ነበርኩ፣ የቁጥሮቹን ትርጉም የሚያብራራውን ሰነድ፣ ኮድቡኩን፣ አላነበብኩም፣ አለቀ። የሚደንቀኝ አብስትራክቱ ላይ የስድስት ሰው ስም መኖሩ ነው። ሁሉም አይተውታል። በኋላ የእንቅልፍ ሐኪሙን «አንተ እንኳን እንዴት አለፍከው?» አልኩት። ይህን መጠይቅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። «ጨመረ የሚለውን አይቼ ነበር። ለግራፉ እንዲመች አንተ ገልብጠኸው ነው ብዬ ነው» አለኝ። ሶሲዮሎጂስቷ የራሷን ክፍል ብቻ ነው ያነበበችው። ፕሮፌሰሩ ሐኪሙ አይቶታል ብለው ተማምነዋል። እኔ ደግሞ ፕሮፌሰሩ አይተውታል ብዬ። ውጤቱ ሁላችንም የጠበቅነው ስለነበረ ማንም አልቆነጠጠውም። መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ካርቶኑን እንከፍተው ነበር።

ያን ሰሞን ለራሴ ማጽናኛ ፍለጋ ብዙ አነበብኩ። ብቻዬን አይደለሁም ለካ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃማ በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው 240 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጡ የተለየ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ወደ ሆስፒታል የተመለሱት ባነሰ ቁጥር ነው ይል ነበር። በኋላ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ዳታውን ሲያዩት የሁለቱ ቡድኖች ኮድ ተገላብጧል። ወደ ሆስፒታል በብዛት የተመለሱት ክትትል የተደረገላቸው ናቸው። በ2019 ጽሑፉን አንስተው የታረመውን ተኩ። ያንን የማሳወቂያ ደብዳቤ የጻፈው ሰው እጁ እንዴት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

ቁጥርስ ቢሆን መቼ ተስማምቶ ያውቃል? በሥነ ፈለክ ኮከብ የሚደምቀው የድምቀት ቁጥሩ ሲያንስ ነው፤ በምሽት ሰማይ ላይ ከኮከቦች ሁሉ የምትደምቀው ሲሪየስ ከዜሮ በታች ናት። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይጨምራል። አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 የሙቀት መለኪያውን ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበትን 0፣ የሚቀዘቅዝበትን 100 ብሎት ነበር፤ የገለበጡት ሌሎች ናቸው። አንድ ሰው ያኔ ቴርሞሜትሩን በስህተት አንብቦ እንደኔ አረንጓዴ ቀብቶ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ዋናው ሥራ ግን የሙዚቃ መምህሯ ጋ መሄድ ነበር። ክፍሏ ገባሁ። ፒያኖ እየቃኘች ነው። ሁሉንም ነገርኳት። «ወሬ ነው» ያልኳትንም ጠቅሼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «መጀመሪያስ ለምን አንዱን ደውለህ አልጠየቅከውም?» አለችኝ። መልስ የለኝም። ሁለት ወር ሙሉ በመለያ ቁጥር ነው የማውቃቸው።

ደብተሯን ሰጠችኝ። ከነቀናቱ ወደ ፋይል ገለበጥኩት። ነጥባቸው በጣም የጨመረው ሰዎች ደብተሩ ውስጥ ካሉት ጋር ገጠሙ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይኮሎጂካል ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ የማይክል ስከሊንና የባልደረቦቹ ጥናት ወጣ። ከመኝታ በፊት የተሰማ ሙዚቃ ጭንቅላት ውስጥ እየተመላለሰ እንቅልፍን ሊያውክ እንደሚችል ያሳያል፤ በተለይ ድምፃዊ የሌለው የታወቀ ዘፈን። ሊንኩን ላክሁላት። «ይሄንንማ ማንኛውም ሙዚቀኛ ይነግርሃል» ብላ መለሰች።

ኮንፈረንሱ አላባረረንም። የታረመውን ተቀብለው ከመድረክ ወደ ፖስተር አወረዱን። ቦታችን የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። የቆመልን ሁሉ ወረፋ የሚጠብቅ ነበር። አንድ ሽበታም ሰውዬ ግራፉን ትኩር ብለው አይተው «ስለዚህ ዜማ ጎጂ ነው ልትለኝ ነው?» አሉኝ። አፌን ስከፍት መምህሯ ቀደመችኝ።

«ሰዓቱ ይሆናል። ልምምዱን ወደ ጠዋት አዙረነዋል። የሚመጣው ዓመት ይምጡና ይዩት።»

ሰውዬው ወደ ግራፉ ተመለሱ። «ታዲያ እዚህ ላይ ከፍ ማለት ጥሩ ነው መጥፎ?»

ከርዕሱ ሥር በቀይ፣ በጣት ውፍረት የጻፍኩትን አሳየኋቸው።